ቤተ ሰብን ይዞ በጣና ዳር ስለ መዋል

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የጣናን ገዳማት ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ የኖረችውን እናቴን ከባለቤቴና ከሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ጋር ይዤ፣ ከባሕር ዳር በተከራየናት ጀልባ ክብራን ገብርኤል በደረስን ጊዜ፣ ሴቶች ወደ ደሴቲቱ እንዳይወጡ የአበው ሥርዓት የሚከለክል መሆኑን እዚያው ውኃው ዳር ሆነን ሰማን። እናቴ አልተከፋችም፤ በጀልባዋ ውስጥ እንደ ተቀመጠች ነጠላዋን መስቀልያ አጣፍታ፣ ፊቷን ዛፎቹ ወደ ሸፈኑት ቤተ ክርስቲያን መልሳ ተሳለመች፣ ጸሎቷንም አደረሰች። እኔ ግን አስቀድሜ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ያን ማለዳ ለእርሷም ክፍት በሆነ ገዳም ልናሳልፈው እንችል እንደ ነበር ሳስብ፣ የመልሱ መንገድ በሙሉ ከበደኝ።

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወደ ባሕር ዳር ስመላለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ የቤተ ሰብ ጉዞ መለካት ያለበት በአባወራው ጉልበት ሳይሆን በአያቲቱና በትንሹ ልጅ እርምጃ መሆኑን ነው፤ በጣና ዳር ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱም በላይ የሚታዘዙት ሌላ ጌታ አለ፤ እርሱም ከቀትር በኋላ የሚነሣው ነፋስ ነው። እነዚህን ሦስቱን ያከበረ ሰው፣ ገንዘቡ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ቤተ ሰቡን ደስ አሰኝቶ ይመለሳል።

ወራቱን ስለ መምረጥ

ከሁሉ አስቀድሞ ቀን ይቁረጡ። ክረምቱ አልፎ ዘመነ ጽጌ ሲገባ፣ ማለትም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው ጊዜ፣ ምድሪቱ ከአበባዋ ገና ያልተላቀቀችበት፣ ጣናም ከግልገል ዓባይ፣ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ የተቀበለውን የክረምት ውኃ ይዞ እስከ ዳርቻው የሞላበት፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ስሙን በተግባር የሚያስመሰክርበት ወቅት ስለ ሆነ፣ ለሚችል ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልመክርም። በዚህም ላይ ዘመነ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብፅ መሰደድ የምታስብበት ዘመን ነው፤ የአበው ትውፊትም ቅድስት ድንግል በስደቷ ወራት ወደ ጣና መጥታ በጣና ቂርቆስ ደሴት እንዳረፈች ይተርካል። እናት ሕፃኗን ታቅፋ፣ አረጋዊው ዮሴፍም ከፊት እየቀደመ የሄዱበትን ያን መንገድ እያሰቡ፣ የራስን እናት፣ የራስን ሕፃንና የራስን አረጋዊ ይዞ በዚያው ሐይቅ ዳር መገኘት ለጉዞው የተለየ መዓዛ ይሰጠዋል። የቅዳሜ ሌሊት በከተማው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ፣ ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌን ቆመው ይሰማሉ፤ ልጆቹ እንቅልፍ እስኪያሸንፋቸው ድረስ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይበቃል።

ትምህርት ቤት የማይለቃቸው ልጆች ያሉት ሰው የመንፈቀ ዓመቱን ዕረፍት ይጠብቅ። በጥርና በየካቲት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰማዩም የጠራ ነው፤ ሆኖም ጢስ ዓባይ በዚያ ጊዜ ሳስቶ ስለሚገኝ ልጆቹን አስቀድሞ ተስፋ አብዝቶ ማስጎምጀት አይገባም። ለጥምቀት በዓል ከሆነ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ማየት ለልጅ ዕድሜ ልክ የማይረሳ ነው፤ ነገር ግን ማረፊያ ስለሚጣበብ ከወር በፊት ይያዙ። መጋቢትና ሚያዝያ ለአረጋውያን ይከብዳሉ፤ ፀሐዩ ያዝላል።

ስለ መንገድና ስለ ማረፊያ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመነሣትዎ በፊት በመንገዱ ላይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለዎት ደውለው የአገሩን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቁ፤ ይህ ቤተ ሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው ቀዳሚ ግዴታ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው የዓባይን ሸለቆ ሲወርድና ሲወጣ ሕፃናትን ማዞሩ ስለማይቀር፣ ከጎሐ ጽዮን በፊት ከባድ ምግብ እንዳያበላቸውና ከሸለቆው ማዶ ደጀን ላይ እንዲያሳርፋቸው እመክራለሁ፤ አረጋዊ ካለ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ላይ ማደር ገንዘብ ማባከን አይደለም። በአውሮፕላን ለሚሄድ ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የገንዘብ አቅም ካለ፣ ለአያቲቱ ብቻ እንኳ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ አንድ የቤተ ሰብ አባል አብሯት እንዲሄድ ማድረግ መልካም ነው።

ማረፊያ ሲመርጡ ከመኝታው ጌጥ ይልቅ ሦስት ነገር ይመልከቱ፤ ክፍሉ በምድር ቤት መሆኑን፣ አልጋው አጎበር ያለው መሆኑን፣ ከሐይቁም በእግር የሚደረስ መሆኑን። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ብትገኝም የወባ ትንኝ አይታጣባትም፤ ስለዚህ ማታ ማታ ልጆቹን ረዥም እጅጌ ማልበስና አጎበሩን ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘርጋት ይገባል። ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ምሽት ላይ የሐይቁ አየር ይበርዳልና ጋቢ አይርሱ።

ስለ ደረሱበት ቀን

በደረሱበት ቀን ምንም አያቅዱ። ከመንገድ የመጣ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ፀሐይ ስትበርድ ወደ ሐይቁ ዳር ዝግ ብሎ ይውረድ። በዚያ ሾላውና ዋርካው ጥላቸውን የዘረጉበት፣ ሰው ሻይ እየጠጣ የሚያወጋበት ስፍራ አለ፤ ለአያቲቱ ወንበር ይፈልጉላት፣ ልጆቹም ከእርሷ ዓይን ሳይርቁ ውኃውን ይዩ።

ታንኳ ካዩ ቀርበው ያሳዩአቸው። ታንኳው ከደንገል የተሠራ ነው፤ ደንገል በሐይቁ ዳር ረግረግ ውስጥ የሚበቅል፣ ግንዱ ሦስት ማዕዘን የሆነ፣ ራሱ ላይ እንደ ፀጉር የተበተነ ሣር መሰል ተክል ሲሆን፣ አጭደው ካደረቁት በኋላ በነዶ በነዶው እያሰሩ አፉን ሾጠጥ አድርገው ወደ ላይ ይቀለብሱታል። ልጄ አንዱን ግንድ በጥፍሯ ሰንጥቃ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነጭና ባዶ ባዶ መሆኑን ባየች ጊዜ፣ ለምን እንደማይሰጥም ማንም ሳይነግራት ገባት፤ በዚያው አፍታ ግን ባለ ታንኳው ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ የዘረጋውን ሌላውን ታንኳ አሳይቶ፣ ይህ አየር የያዘ ክፍተት ቀስ በቀስ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ካልደረቀ ዕድሜው አጭር መሆኑን ነገራት። በዚህ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የጣና ዳር ነዋሪዎች ወይጦዎች ናቸው። ዛሬም ማለዳ ማለዳ እንጨት ወይም ዓሣ ጭኖ ወደ ከተማው የሚቀዝፍ ታንኳ አይታጣም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። ልጆች ውኃ ባዩ ጊዜ ጫማቸውን አውልቀው ለመግባት ይቸኩላሉ፤ እርስዎ ግን አይፍቀዱላቸው። በሐይቁ ዳር ባሉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ የሚያድገው የቢልሃርዝያ ትል፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው በቆዳው በኩል ሰርስሮ ይገባል፤ ቁስልም ሆነ ጭረት አያስፈልገውም። መዋኘት የሚፈልግ ልጅ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ይፈለግለት። ምናልባት ከጉዞ በኋላ ልጁ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢያሳይ፣ ጣና ዳር ቆይቶ እንደ ነበር ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይቅሩ።

ጊዜ ከተረፈ ወደ ዓባይ መውጫ ይሂዱ። ዓባይ ከጣና የሚለየው እዚያው ከከተማው ጎን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የእግረኛ መንገድ ስላለው፣ ልጅን እጁን ይዞ በዝግታ መሻገርና ወንዙ ጉዞውን ሲጀምር ማየት ይቻላል። ዕድል ከቀናዎት ጉማሬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ያያሉ። ከዚያ አለፍ ብሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት የተሠራበት የቤዛዊት ኮረብታ አለ፤ በመኪና ወይም በባጃጅ ወጥተው ዓባይ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ከላይ ይመልከቱት። ቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ስላለው ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ጠይቁ ብዬ ልጆቼን እንደማስጠነቅቀው ለእርስዎም አሳስባለሁ።

ስለ ጀልባው ቀን

የጉዞው ልብ ይህ ቀን ነው፤ ስለዚህም በዝርዝር እጽፋለሁ።

ጀልባውን በዋዜማው ይዋዋሉ፤ በማለዳ ወደብ ላይ ቆሞ መከራከር የልጆቹን ትዕግሥትና የሐይቁን ጸጥታ በከንቱ ያሳልፋል። ሲዋዋሉ ዋጋው ለሰው ወይስ ለጀልባው ሙሉ እንደ ሆነ፣ የትኞቹን ስፍራዎች እንደሚያካትት፣ ጀልበኛው በእያንዳንዱ ስፍራ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ በግልጽ ይነጋገሩ፤ ለገዳማቱ የሚከፈለው የመግቢያ ዋጋ ለብቻው መሆኑንም ይወቁ። ከዚያ ጀልባዋን ራሷን ይዩ። ጣሪያ ወይም ድንኳን ያላት ትሁን። የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ ጀልበኞቹ ላይፍ ጃኬት የሚሉትን፣ በሰው ልክ ቆጥረው ይረከቡ፤ ለልጆች የሚሆን ትንሽ መኖሩን በዓይንዎ ሳያዩ ቀብድ አይስጡ። የአዋቂ ሰደርያ የለበሰ ሕፃን ውኃ ውስጥ ቢገባ ሰደርያው ብቻውን ተንሳፍፎ ልጁ ከሥሩ ሊሾልክ ይችላልና ይህን ነገር ይሉኝታ ይዞዎት አይለፉት።

መነሻው ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይሁን፤ መመለሻውም ከቀኑ ሰባት ሰዓት አይለፍ። ምክንያቱን ልጆቹም ቢያውቁት መልካም ነው። ፀሐይ ስትጠነክር የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይግላል፤ በየብሱ ላይ ያለው አየር ግሎ ወደ ላይ ሲወጣ ከውኃው ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ስፍራውን ለመያዝ ይሮጣል፤ ነፋስ የምንለው ይህ ነው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሰፊ ሐይቅ ሲሆን፣ ጥልቁ ግን ከ15 ሜትር የማይበልጥ ገበታ መሰል ውኃ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ በመታው ጊዜ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል፤ ጀልባዋንም እንደ ወንፊት ይነቀንቃታል። አንድ ጊዜ ከዘጌ ዘጠኝ ሰዓት አሳልፈን በተነሣን ጊዜ፣ ውኃው በጀልባዋ ጎን እየገባ ልብሳችንን ሲያረጥብ፣ ትንሿ ልጄ የአያቷን ጉልበት ይዛ ዓይኗን ጨፍና መጣች፤ አያቷም ቅዱስ ገብርኤልን እየጠራች ጀርባዋን ስትደባብስ ነበር። ጀልበኛው አልፈራም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰዓት አላሳለፍሁም።

በጀልባዋ ውስጥ አረጋውያንን መካከል ላይ፣ ከሞተሩ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ በዚያ መናወጡ ይቀንሳል፣ የነዳጁም ሽታ አይደርስም። ባርኔጣ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ለልጆች ቅያሪ ልብስ ይያዙ።

ለቤተ ሰብ የሚስማማው የመጀመሪያ መድረሻ የዘጌ ልሳነ ምድር ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ይደርሳሉ። ዘጌ ደሴት አይደለችም፤ ከየብሱ የወጣች፣ በዛፍ የተሸፈነች ምድር ናት፤ ሴቶችም ወንዶችም የሚሳለሟቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉባት። ከጀልባው ወርደው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፎች መካከል ያልፋል። ግራና ቀኝ ነጋዴዎች ከቀንድ የተሠራ ዋንጫ፣ መስቀል፣ በብራና ላይ የተሣለ ሥዕል ዘርግተው ይጣራሉ፤ ልጆቹን፣ "ስንመለስ እናያለን" ብለው ያሳልፏቸው፤ በመሄጃ የተጀመረ ግዢ ቤተ ክርስቲያኑን ያስረሳልና። ለአያቲቱ ምርኩዝ ያስፈልጋታል፤ ድንጋዩ ጠል ሲነካው ያንሸራትታል። በየሃያ እርምጃው ቆም እያሉ ቡናውን ያሳዩአቸው። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ይህን ምድር በገዳምነት ባቀኑ ጊዜ፣ ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በቡና፣ በጌሾና በፍራፍሬ እንዲኖር ሥርዓት ሠሩ፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው ሞፈርና ቀንበር ስላልገባበት ነው። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ልጆች ሙዝ ሊወረውሩላቸው ይፈልጋሉ፤ ጦጣ ግን አንድ ጊዜ ከሰው እጅ የበላ እንደ ሆነ ሌላ ጊዜ ነጥቆ መብላት ይለምዳል፤ ይከልክሏቸው።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብላ በሦስት ትከፈላለች። ከመግባትዎ በፊት ልጆቹን ወደ ጉልላቱ ቀና ብለው በመስቀሉ ላይ የተሰካውን የሰጎን እንቁላል እንዲያዩ ያድርጓቸው፤ ሰጎን እንቁላሏን ከዓይኗ ሳትለይ በመጠበቋ ልጆቿን እንደምትፈለፍል፣ እግዚአብሔርም ምእመናኑን እንዲሁ ሳይታክት እንደሚመለከት፣ ምእመንም ልቡናውን ከጸሎት እንዳያነሣ ሊቃውንት በዚህ ምሳሌ ያስተምራሉ። ጫማዎን ከደጁ ያውልቁ፤ ሴቶች ረዥም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም የተከደነ ልብስ ይልበሱ፤ ሱሪ የለበሰች ልጅ ካለች ከላይ የምትታጠቀው ነጠላ በቦርሳ ይያዙላት። ሥዕል ሲያነሡ ብልጭታውን ያጥፉ፤ የጥንቱ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል።

የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሸፈኑትን ሥዕላት ሁሉ ለልጅ ላሳይ ማለት ደክሞ ማድከም ነው። አንድ ይምረጡ። እኔ የምመርጠው የበላኤ ሰብእን ታሪክ ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰው የበላው ያ ክፉ ሰው፣ በውኃ ጥም ለሚቃጠል አንድ ድኻ ስለ ማርያም ስም ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ፣ ነፍሱ በሚዛን በተመዘነች ጊዜ እመቤታችን ጥላዋን በጥርኙ ውኃ ላይ ጥላ እንዳዳነችው የሚተርከው ነው። ሥዕሉን አስጎብኚው ሳይሆን አያቲቱ ትተርከው፤ ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ የካቲት 16 በመጣ ቁጥር ሰምታዋለች። እናቴ በዚያ ግድግዳ ፊት ቆማ መዳፏን አሳክታ ጥርኝ ምን ያህል እንደ ሆነ ለልጆቼ ስታሳያቸው፣ ሁለቱም የየራሳቸውን መዳፍ እየሰፈሩ፣ "ይህች ብቻ?" እያሉ ሲጠይቋት አይቻለሁ። ለዚህ ነው በዑራ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየትን የምመክረው።

ሲመለሱ ከቡናው መካከል ቡና አፍልተው የሚያጠጡ ሴቶች አሉ፤ አረፍ ይበሉ። ጉልበትና ጊዜ ከተረፈ በቅርብ ያለችውን አዝዋ ማርያምን ይሳለሙ፤ ካልተረፈ ይተዉት።

ስለ ደሴቶቹም በአጭሩ ላስታውስ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስና በዓባይ መውጫ አቅራቢያ ያለችው ደብረ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ደብረ ማርያም ቅርብ ስለ ሆነች በተለይ ሕፃን ለያዘ ሰው ትስማማለች። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት ናርጋ ሥላሴ እጅግ ያማረች ብትሆንም፣ በደቅ ደሴት ላይ ስለምትገኝ ደርሶ መመለሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ ያቆዩት።

ስለ ጢስ ዓባይ

ከጀልባው ቀን በኋላ አንድ ቀን ያርፉ፤ ጢስ ዓባይን ከጀልባው ማግሥት ማድረግ አያቲቱን ማድከም ነው። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ወደ 45 ሜትር ከሚጠጋ ገደል የሚወረወረው ውኃ እንደ ጉም ስለሚተን፣ እሳት ሳይኖር የሚጤስ ምን እንደ ሆነ ልጆቹ በመንገድ ላይ እንዲገምቱ ያድርጉ።

ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ለጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ በመሬት ውስጥ ቦይ ስለሚወሰድ፣ እዚያው ጢስ ዓባይ ላይም ወንዙ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ፣ በበጋ ወራት ፏፏቴው ከቀድሞው ግርማ ብዙ ይጎድለዋል። ይህን ለልጆች አልሰውርም፤ ቤታቸው የሚበራው መብራትና እዚህ የጎደለው ውኃ የተያያዙ መሆናቸውን ማወቃቸው ተገቢ ነውና። በመስከረምና በጥቅምት ግን ጢሱ ከሩቅ ይታያል፣ ድምፁም ከመድረስዎ በፊት ይቀበልዎታል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ቁልቁል ወርዶ ዳገቱን የሚወጣ ሲሆን፣ ለልጆችና ለብርቱ ሰው መልካም ነው፤ ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በትንሽ ጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚሄድ ነው፤ አረጋውያን በዚህኛው ይሂዱ። ቤተ ሰቡ ለሁለት ተከፍሎ በፏፏቴው ፊት ቢገናኝ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ከመለያየት በፊት የመገናኛውን ሰዓትና ስፍራ ይወስኑ፤ ከውኃው ጩኸት የተነሣ በስልክ መነጋገር ያስቸግራል። ከገደሉ አፍ አጠገብ ልጅ ያለ ሰው እጅ አይቁም፤ ጭቃው ሣር መስሎ ያታልላል።

ስለ ስንቅና ስለ ዓሣ

ለጀልባውም ለጢስ ዓባይም ቀን ስንቁን በአገልግል ይያዙ። በቆዳ የተለበጠው አገልግል ከገበያ ቢገዛ ለጉዞው ካገለገለ በኋላም በቤት ይቀመጣል። ደረቅ ያለ ዶሮ ወጥ ወይም ቅልጥልጥ ያላለ ምንቸት አብሽ በእንጀራ ተጠቅልሎ፣ ለልጆች ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ተጨምሮ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሲከፈት የሚወጣውን መዓዛ የትኛውም ምግብ ቤት አይሰጥም። ጽጌን የሚጾም ካለ ለእርሱ የሽሮ ፍትፍት ለብቻው ይያዝለት።

ማታ ግን ዓሣ ይብሉ። በሐይቁ ዳር ባሉት ቤቶች ቆሮሶውን እንዳለ፣ ጎንና ጎኑን በቢላዋ እየሸነተሩ፣ ቆዳው ወርቅ እስኪመስል ይጠብሱታል። ሥጋው ከአጥንቱ በእጅ እየተላቀቀ በሎሚና በአዋዜ ይበላል። ለልጅ ሲሰጡ ሥጋውን በሁለት ጣትዎ መካከል ፈርከስ አድርገው አጥንት አለመቅረቱን ይመርምሩ፤ ለሕፃናት ከአጥንት የጸዳው የዓሣ ጉላሽ ይሻላል። አምባዛ ከቀረበ አስቀድመው ለአረጋውያኑ ይንገሩ፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለ ሆነ ብዙ ምእመናን አይበሉትም፤ ሳያውቁ በልተው በኋላ መስማት ያሳዝናቸዋል።

ስለ መመለሻው ጧት

ቀኑ ቅዳሜ ከዋለ ወደ ገበያው ይሂዱ፤ ጋቢውና የስፌቱ ሥራ እዚያ ይመረጣል። ካልዋለ ደግሞ ከፀሐይ መውጫ በፊት ተነሥተው ሐይቁን በዝምታ ይሰናበቱ፤ ፔሊካኖች በመንጋ ሆነው ሲንሳፈፉ፣ ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ሲሰበስቡ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። ጣናን በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ሐይቁን የወረረውን የእንቦጭ አረም አይነቅልም፣ ቆሻሻም አያነሣምና፣ በውኃው ዳር የወደቀ ላስቲክ ያየ ልጅ አንሥቶ ወደ ቦርሳው እንዲጨምር ያስተምሩት። እኛ በመጨረሻው ጧት ሁልጊዜ አንድ ከረጢት ሞልተን እንሄዳለን።

ለልጆች መታሰቢያ ከፈለጉ፣ ከደንገል የተሠሩትን ትንንሽ ታንኳዎች ይግዙላቸው። ደንገል ሲደርቅ ይሰበራልና ሻንጣ ውስጥ አያስገቡት፤ ልጁ ጭኑ ላይ አድርጎ ይያዘው። ቤት ሲደርሱ በሳፋ ውኃ ውስጥ ሊያንሳፍፈው ይጠይቅዎታል፤ ይፍቀዱለት፤ ብቻ ሲጨርስ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያስጣው።